በሦስቱ ሙሽሮች ጉንጭ ላይ የነበረው ነጥብ

ውድ እትዬ ቫይዴ፣

በሦስቱ ሙሽሮች ጉንጭ ላይ የታየው ጥቁር ነጥብ የእርስዎ እጅ ያመጣው አልነበረም። የእኔ አፍ ያመጣው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ወረቀቱን አጣጥፈው ምድጃ ውስጥ ከመወርወርዎ በፊት አንድ መስመር እንኳ እንዲያነቡ ብዬ ነው።

እኔ ሳኒዬ ነኝ፣ የፎቶ አንሺው የረምዚ ልጅ። በየሠርጉ ቦርሳ ተሸክማ ከአባቷ ኋላ ኋላ የምትሄደው። ከመንደራችን ሰው ስልክ እንደማያነሱ ሰምተናል። ቢያነሱም እኔ አልናገርም ነበር፤ ያውቁኛል፣ ሰው ሲያየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ትምህርቴንም ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ቢያገኙ ይለፉኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ የአውቶቡሱ ሹፌር አሰን ነው። ስሰጠው፣ "የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?" ብሎ ሊስቅብኝ ነበር። "ለእትዬ ቫይዴ ነው" ስለው ሳቁን ዋጠና ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከመንደር ከሄዱ ዓመት ሊዞር ነው። የዚያን ቀን ነገር እርስዎ ረስተውት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አንዱንም አልረሳሁም። እትዬ ዲልበር ቤት ነበርን። የልጇ የፌሪዴ የሠርግ ፎቶ ከከተማ ታትሞ መጣና ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከበው እየገለጡ ያያሉ። ፌሪዴ በረዶው ላይ ቆማለች፤ እንደ ወጋችን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፊቷ እንደ ሙሽሮቻችን ሁሉ እርስዎ በቀቧት ነጭ ቅባት እንደ ወተት ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ወርቃማው ፈርጥ በየመስመሩ ተደርድሯል። ከአፍንጫዋ በስተግራ ግን፣ ፈርጥ በሌለበት ባዶ ነጭ ላይ፣ አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ አለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች እትዬ ዲልበር። ከዚያ የሙዜሬን ፎቶ አስመጣች፤ የኑርሴንም አስመጣች። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ያው ነጥብ፣ በያው ቦታ።

"ሦስት ሙሽራ፣ ሦስት ነጥብ፣ አንድ እጅ" አለች። "ቫይዴ፣ ቅባትሽ ውስጥ አመድ ገብቷል፤ ወይ ዓይንሽ ደክሟል። ሙሽራ እንከን ይዛ ከአባቷ ቤት አትወጣም። የሙዜሬ ባል በወሩ ከጣሪያ ወድቆ እግሩን የሰበረው ለካ በከንቱ አይደለም።"

እርስዎ "እኔ ያላኖርኩት ነጥብ ነው" አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። ሴቶቹ ግን አባቴን ጠየቁት፤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ያመነውን ተናገረ፦ "ካሜራው አዲስ ነው። ሌንሱን ስንቴ ጠርጌዋለሁ። ያየውን ነው የሚያሳየው። ቤት ውስጥ ያነሳኋቸውን እዩ፣ አንድም ነጥብ የለባቸውም። ወደ ውጭ ስትወጣ ብርዱ ቅባቱን ሳያስቆጣው አልቀረም።" ይህ ቃል ነገሩን ጨረሰው። እርስዎ ብሩሾችዎን በጨርቅ ጠቀለሉና ወጡ። በሳምንቱ ቬሊንግራድ ከተማ ልጅዎ ጋ ሄዱ ተባለ።

እኔ ያን ጊዜ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ካልሲ እሠራ ነበር። አሁን የምነግርዎ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ነው። ፌሪዴ ከቤት ስትወጣ ከፊቷ አንድ ክንድ ርቄ ነበር የቆምኩት፤ በረዶ እንዳይነካት ጃንጥላ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጉንጯን በዓይኔ አይቻለሁ። ንጹህ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም። አንድ ረድፍ ሠራሁ፣ ሌላ ረድፍ ሠራሁ፤ ስነሳ ካልሲው ተረከዝ አልነበረውም።

በግንቦት አባቴ ለግንባታ ሥራ ጀርመን ሄደ። ካሜራውን እናቴ በሠራችው የሱፍ ከረጢት ውስጥ ከቶ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። "ማንም እንዳይነካው" ብሎ ነው የሄደው። እኔ ነካሁት። መጀመሪያ ለማየት ብቻ፣ ኋላ ለመልመድ። የትምባሆው ቅጠል ለማድረቂያ በክር ተሰክቶ ካለቀ በኋላ እናቴ ስትተኛ ይዤው ወደ ሜዳ እወጣ ነበር። ፍየላችንን አነሳሁ፤ የጎረቤት ጣሪያን አነሳሁ፤ የሚያይ ሰው ስለሌለ እጄ አይፈራም ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ሸለቆው በጉም ተሞላ። አነሳሁትና በትንሿ መስኮት አየሁት። ነጥቧ ጉሙ ላይ ተቀምጣለች። ክብ፣ ጥቁር፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራና ወደ ላይ።

ጉምን ማን ይቀባዋል? ሌንሱን ጠረግሁ፣ ነጥቧ አልጠፋችም። ሌላ ሌንስ ገጠምኩ፣ አልጠፋችም። ወደ ቤት ገብቼ ግድግዳ ሳነሳ ጠፋች፤ ወጥቼ ሰማይ ሳነሳ መጣች። ያን ለት ስልኬ ላይ ስለ ካሜራ የሚያስተምር አንድ ጺማም ሰው አገኘሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ነው። ከሌንሱ ኋላ ምስሉን የሚቀበል ትንሽ መስታወት አለ፣ ሴንሰር ይሉታል። እዚያ ላይ አቧራ ካረፈ በየፎቶው ላይ አንድ ቦታ ይታያል። ቤት ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ያኔ ጥላው ይሟሟል። በረዶ ላይ ግን ብርሃኑ ስለሚበዛ ቀዳዳው ይጠባል፣ ጥላው ይደምቃል። አባቴ ደግሞ ሙሽራን የሚያነሳው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ አፍንጫዋን ከመሃል አድርጎ። ስለዚህ ነጥቧ ሁሌም ጉንጭ ላይ ትወድቃለች። በጥልፉና በጭፈራው ፎቶ ላይ ማን ነጥብ ይፈልጋል? ከእርስዎ ቅባት በቀር ነጥቧ የምታርፍበት ያን ያህል ነጭ ነገር በአባቴ ፎቶዎች የለም፤ ንጹህ ስለሠሩ ነው የተከሰሱት።

ሰውየው ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ "በምንም ዓይነት በአፋችሁ እፍ እንዳትሉበት። የምራቅ ጠብታ ይደርቅበትና እንደ ሙጫ ይጣበቃል።"

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩ።

የሙዜሬ ሠርግ ትዝ ይልዎታል? አባቴ ካሜራውን ገዝቶ የመጀመሪያው ሠርጉ ነበር። የሙሽሪት ዕቃ ለሰው እንዲታይ ከተሰቀለበት ሳንቃ ፊት ቆመን ሌንስ ሲቀይር፣ "ያዢልኝ" ብሎ አፉ የተከፈተውን ካሜራ ሰጠኝ። ሴቶቹ እያዩ "ይሄ ሁሉ ካሜራ የረምዚ ነው?" ይባባላሉ። የሰው ዓይን እንዳይበላው ፈራሁ። አያቴ ሕፃን ሲታይባት፣ ላም ስትወልድ፣ አዲስ ምንጣፍ ሲዘረጋ እንደምታደርገው፣ ከቁርኣን ቁልሁወላሁን ሦስት ጊዜ ቀራሁና ሦስት ጊዜ እፍ አልኩበት። እንዲጠብቀው ብዬ። የተከፈተው አፉ ውስጥ ነው እፍ ያልኩት፣ እትዬ ቫይዴ። አባቴ አላየኝም፤ ሌንሱን ገጠመና ሙዜሬን አነሳት።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና "ትኩሳት የለብሽም፣ ታዲያ ምን ሆነሻል?" አለች። ነገርኳት። ለእናቴ መናገር እችላለሁ። "እና አሁን ምን ይደረግ?" አለች።

"ላጸዳው ነው።"

"ያንን ነገር ብትነኪው አባትሽ ከጀርመን በእግሩ ነው የሚመጣው። ብትቧጭሪውስ?"

"ከተቧጨረ ካሜራው አለቀ።"

"እንዲህ እያወቅሽ ነው?"

"እንዲህ እያወቅሁ ነው።"

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እንግዲህ እንዳታስነጥሺበት" ብላ ወጣች።

ቤታችንን ያውቁታል፤ ሱፍ ነው፣ ትምባሆ ነው፣ አመድ ነው። አቧራ የሌለበት ክፍል የለም። ሰውየው መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ብትከፍቱ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞት ይወርዳል ብሎ ነበር። እንደዚያ አደረግሁ። ውሃውን ከፍቼ ክፍሉ እስኪታፈን ጠበቅሁ፣ ዘጋሁ፣ እንፋሎቱ እስኪረግፍና አየሩ እስኪጠራ ደግሞ ጠበቅሁ። የሱፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሻሼንም አወለቅሁ። ባትሪውን አስቀድሜ እስከ ጢሙ ሞልቼዋለሁ፤ መሃል ላይ ካለቀ ከፊቱ ያለው መዝጊያ እጅ ላይ ይከደናል።

መጀመሪያ ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍቼ፣ ወንድሜ ሕፃን ሳለ አፍንጫው ይጸዳበት በነበረው የሚጨመቅ የጎማ ኳስ አየር ነፋሁበት። ኳሱን አስቀድሜ ቀቅዬ፣ ሦስት ቀን አድርቄው ነበር። ወጥቼ ሰማይ አነሳሁ። ከዚያ በፊት ልብ ያላልኳቸው ትንንሽ ነጥቦች ሁሉ ጠፍተዋል። ትልቋ እንዳለች ናት። እኔው ያጣበቅኋት ናት፣ በአየር አትነሳም።

ስለዚህ አሰንን ከከተማ ዕቃ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ ጠፍጣፋ ዘንግ ነው፣ ጫፉ በለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ስፋቱ ልክ የሴንሰሩን ያህል፤ ከትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ ጋር። ስድስት ዘንግ አመጣልኝ። ሲሰጠኝ "የጥርስ ሐኪም ልትሆኚ ነው?" አለ።

በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። ነጥቧ በፎቶው ላይ ከመሃል ወደ ላይ ናትና ከላይ ፈለግኋት፤ ምንም የለም። ካሜራውን አበላሸሁት ብዬ ላለቅስ ነበር። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ምስሉ ወደ ውስጥ የሚገባው ተዘቅዝቆ ነው፣ ከላይ የምናየው እዚያ ከታች ነው። መብራቱን ዝቅ ሳደርግ አየኋት። የሰናፍጭ ፍሬ አታክልም። ይህችን የምታክል ነገር አንድ ሰው ከአገሩ አስወጣች ብዬ አሰብኩ።

ሁለት ጠብታ ጨርቁ ላይ አደረግሁ። እትዬ ቫይዴ፣ እርስዎ ኑርሴን ሲቀቡ የፈርጡን ሳህን ያስያዙኝ ቀን "የዚች ልጅ እጅ አይንቀጠቀጥም" ብለው ነበር። ምናልባት ረስተውታል፤ ለእኔ ግን ማንም ከዚያ በፊት ስለ እጄ ነግሮኝ አያውቅም። ያን ቃል ይዤ ነው ዘንጉን ያስገባሁት። ከዳር ይነሳል፣ ሳይቆም እስከ ዳር ይሄዳል፤ ይገለበጣል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ ይጣላል። ደግሞ በያው ዘንግ አይነካም። ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እፍ ያልኩበትን ያህል ያዝኩ።

በመጀመሪያው ዘንግ አልለቀቀችም። በሁለተኛውም አልለቀቀችም፣ ከሳች እንጂ። በሦስተኛው ሄደች።

ሮጬ ወጣሁ። የመስጊዱን ነጭ ግድግዳ አነሳሁ፣ ሰማዩን አነሳሁ፣ እናቴ ያሰጣችውን አንሶላ አነሳሁ። ንጹህ፣ ንጹህ፣ ንጹህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንሶላው ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ በመስኮት አይታኝ "ለአንሶላ የሚስቅ ሰው አየሁ" አለች፤ እሷም ትስቅ ነበር።

ግን ነጥቧን ከካሜራ አወጣኋት እንጂ ከስምዎ ላይ አላወጣኋትም፤ ደፍሬ እስክናገር በረዶ ጣለ። የእትዬ ዲልበር ትንሿ ልጅ ሄሪዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልታገባ ነው፤ ቀቢ ከሌላ መንደር ልናመጣ ነው ይባላል። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ሴቶቹ የሄሪዬን ዕቃ ለማጠፍ ሲሰበሰቡ፣ ካሜራውን በሱፍ ከረጢቱ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ልምጣ ወይ ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

"ፎቶ ላሳያችሁ ነው" አልኩ። ድምፄ ወጣ። ሴቶቹ ተደንቀው ማጠፉን ተዉ።

"ምን ልታሳዪን ነው፣ አባትሽን?" አለች እማማ ሃቲጄ። "ጀርመን ሄዶ ወፍሯል ይሉኛል።"

ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ። የሙዜሬ ፊት መስኮት የሚያህል ሆኖ ወጣ። ከሄሪዬ ሳጥን አንድ ቀይ ፈርጥ አነሳሁና በዱቄት ሙጫ የቴሌቪዥኑ ፊት ላይ፣ ልክ ነጥቧ ላይ ለጠፍኩት።

"ቴሌቪዥኔን ልትድሪው ነው እንዴ?" አለች እትዬ ዲልበር። ሳቁ።

ኑርሴን አመጣሁ፤ ነጥቧ ከፈርጡ ሥር ገባች። ፌሪዴን አመጣሁ፤ ከፈርጡ ሥር ገባች። ጉሙን አመጣሁ፤ ከፈርጡ ሥር። ከዚያ ነጭ ሆዷን ወደ እኔ ያዞረችውን ፍየላችንን አመጣሁ። እዚያው ናት።

እማማ ሃቲጄ መነጽሯን አስተካከለች። "ፍየሏንም ቫይዴ ናት የቀባቻት?"

ማንም አልሳቀም። ቀጥዬ ካጸዳሁ በኋላ ያነሳሁትን አንሶላ አሳየኋቸው፤ ፈርጡን ነቀልኩት። ከሥሩ ምንም የለም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ ሙዜሬ ሠርግ፣ ስለ ቁልሁወላሁ፣ ስለ እፍ ማለቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት እያየሁ ነው የነገርኳቸው፣ ግን ነገርኳቸው።

"ያኔ ለምን አልተናገርሽም?" አለች እትዬ ዲልበር።

"ስለ ካሜራው ያኔ አላወቅሁም። የፌሪዴ ጉንጭ ንጹህ እንደነበር ግን አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው።"

"ማንን ፈርተሽ?"

"እርስዎን።"

"እኔም እፈራታለሁ፣ ልጄ" አለች እማማ ሃቲጄ፣ "አርባ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ።"

እትዬ ዲልበር የያዘችውን ብርድ ልብስ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግሞ አጠፈች። "ሰው ፊት ነው ያሳፈርኳት" አለች ለራሷ ያህል። ያን ጊዜ ሄሪዬ ከማዕዘን ተነሳች። "እኔ ያልተቀባ ፊት ይዤ እወጣለሁ እንጂ በሌላ እጅ አልቀባም" አለች። እናቷ "አብደሻል? ባዶ ፊት ሙሽራ ማን አይቶ ያውቃል?" ስትላት፣ "እንግዲህ ወደ ቬሊንግራድ አውቶቡስ አለ" ብላት ተቀመጠች። የልጅቷ ነገር ገረመኝ፤ ዝም ስትል እንጂ ስትናገር አይቻት አላውቅም ነበር።

ለአባቴም በስልክ ነገርኩት። ከዚያ "በስንት ዘንግ ለቀቀ?" አለኝ። "በሦስት" አልኩት። "አልቧጨርሽውም?" "አልቧጨርኩትም።" "ካሜራዬን አምኜ ሰው ከሰስኩ" አለ። "ይቅርታውን እኔ ራሴ ሄጄ እለምናታለሁ፣ በአንቺ አልክም። ለሠርጉ እደርሳለሁ። ሄሪዬን ግን የምታነሺያት አንቺ ነሽ። እኔ ቦርሳ እይዛለሁ።" እንዲህ ብሎ ማንንም አናግሮ አያውቅም፣ እትዬ ቫይዴ። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዲልበር ይህ ደብዳቤ በደረሰ ማግስት በአሰን አውቶቡስ ትመጣለች። ለሰው ሁሉ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ እያለች ነው፤ አይመኗት፣ የምትመጣው እርስዎ ዘንድ ነው። በር ላይ አያቁሟት። ወይም ትንሽ ያቁሟት፤ ይገባታል። እኔንም ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልቸኩልብዎትም። ቢመጡም ባይመጡም ነገሩን ያልሰማ ቤት እስካለ ፈርጡንና የፍየሌን ፎቶ ይዤ እዞራለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ቤት ጨርሻለሁ፣ በአሥራ አንደኛው መሬት አላየሁም።

ቢመጡ ግን ሄሪዬን በረዶው ላይ አቆማታለሁ፣ ብርሃኑ በሚበዛበት፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጥብቤ፤ ምንም ነገር በማይደበቅበት ሁኔታ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ይየው። ፊቷ ላይ ከእርስዎ እጅ ሥራ በቀር አንዳች አይኖርም።

አክባሪዎ፣
ሳኒዬ ረምዚ፣ ፎቶ አንሺ